ከቢሉንድ እስከ ጎተንበርግ፤ ስለ ጡብ መርከብና ስለ ሠራተኞቿ

ወደ ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ታላላቅ ከተሞች፥ ስለ ቤተ መንግሥቶችና ስለ ፋብሪካዎች ነው። እኛ ግን ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምንተርከው ከዚህ ያነሰ የሚመስለውን ነገር ነው፤ ይኸውም የሕፃናት መጫወቻ የሆነችው ትንሽ ጡብ ከተወለደችበት ከዴንማርክ መንደር ተነሥተን፥ በዚያችው ጡብ አንዲት የንግድ መርከብ ከነሠራተኞቿ ስትሠራ እስካየንበት እስከ ስዊድን ወደብ ድረስ ያደረግነው ጕዞ ነው። ነገሩ የልጆች ቢሆንም ትምህርቱ ለታላላቆችም የሚሆን ስለ መሰለን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ እንዲወጣ ወደድን። በዚህ ጽሕፈት የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ጕዞው በሐምሌ ወር ነበር። በእኛ አገር ዝናሙ በሚበረታበት በዚህ ወር በሰሜን አውሮጳ በጋ ነውና፥ ፀሓይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም ገና በሰማይ ላይ ትታያለች። ከኮፐንሃገን በባቡር ተሳፍረን ስቶሬቤልት የተባለውን ወሽመጥ እኩሌታውን በባሕር ሥር በተቈፈረ ዋሻ፥ እኩሌታውን በረዥም ድልድይ ተሻገርን። ይህ የባቡር መንገድ የተከፈተው በ1997 ዓመት ሲሆን፥ ከዚያ በፊት ባቡሩ ራሱ በመርከብ እየተጫነ ይሻገር ነበር። ከዚያም ፊን የተባለችውን ደሴት አልፈን ዩትላንድ ከሚባለው ምድር ደረስን፤ ቬይሌ ከተባለች ከተማ ወርደንም በአውቶቡስ ወደ ቢሉንድ አመራን። በቢሉንድ ዙሪያ ያለው አገር ሜዳማና አሸዋማ ነው። ዛሬ የእህል እርሻና የጥድ ተክል የሚታይበት ስፍራ በቀድሞ ዘመን ቍጥቋጦ ብቻ የሚበቅልበት ነፋሻ መስክ ነበር። የመንደሩ ሕዝብ ወደ ሰባት ሺሕ ቢጠጋ ነው፤ ነገር ግን ስሙን የማያውቅ የአውሮጳ ሕፃን የለም ቢባል ብዙ ከእውነት አይርቅም።

ለመንደሩ ስም መጠራት ምክንያት የሆነው ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል አናጢ ነው። ይህ ሰው በ1916 ዓመት በቢሉንድ አንድ የአናጢ ቤት ገዝቶ ለገበሬዎች ቤትና የቤት ዕቃ ይሠራ ነበር። በ1924 ዓመት ሁለቱ ትንንሽ ልጆቹ በፍቅፋቂው ላይ እሳት ለኵሰው ቤቱም ሥራ ቤቱም ተቃጠለ። እርሱ ግን ሳይታክት ከቀድሞው የሚበልጥ ቤት ሠራ። በ1930 ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ሁሉ የገንዘብ ችግር በወደቀ ጊዜ ቤት የሚያሠራ ገበሬ ጠፋ፤ በ1932 ዓመትም ሚስቱ ሞታ አራት ወንዶች ልጆች ይዞ ቀረ። በዚያው ዓመት መሰላል፥ የልብስ መተኰሻ ሳንቃና የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። በ1934 ዓመት ለሥራው ሌጎ የሚል ስም አወጣለት፤ ይህም ሌግ ጎት ከሚሉ ሁለት የዴንማርክ ቃላት የተወሰደ ሲሆን፥ ትርጕሙ «ደኅና ተጫወት» ማለት ነው።

ስለዚህ አናጢ በመንደሩ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ጎትፍሬድ የተባለው ልጁ አንድ ቀን የእንጨት ዳክዬዎችን ሦስት ጊዜ ቬርኒስ በመቀባት ፈንታ ሁለት ጊዜ ብቻ ቀብቶ፥ በሣጥን አድርጎ ወደ ባቡር ጣቢያ ወሰዳቸው። ሲመለስም ለቤቱ ገንዘብ እንዳተረፈ ለአባቱ በደስታ ነገረው። አባትየው ግን በዚያው ሌሊት ዳክዬዎቹን ከጣቢያው መልሶ፥ ሦስተኛውን ቀለም ብቻውን ሆኖ ቀብቶ፥ እንደገና አሽጎ እንዲያደርሳቸው አዘዘው። ልጁም ይህን ትእዛዝ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም ይባላል። በኋላ የሥራ ቤቱ አለቃ የሆነውም እርሱ ነው።

ጡቡ ከእንጨት ወደ ፕላስቲክ የተሸጋገረበት መንገድም እንዲህ ነው። አባትየው በ1946 ዓመት ፕላስቲክ አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚያፈስ መኪና በብዙ ገንዘብ ገዛ። በ1949 ዓመት ደግሞ ሂላሪ ፔጅ የተባለ እንግሊዛዊ ያወጣውን ጡብ አብነት አድርጎ በላዩ እምቡጥ የመሰለ ጕብጕብታ ያለው ትንሽ ጡብ ሠራ። ይህ የመጀመሪያው ጡብ ውስጡ ባዶ ስለ ነበረ ተጋጥሞ አይጸናም ነበር። ጎትፍሬድ በጡቡ ሆድ ውስጥ ትንንሽ ቀሰሞች ጨመረበትና፥ የታችኛው ጡብ እምቡጥ በላይኛው ቀሰምና ግድግዳ መካከል ተጣብቆ እንዲይዝ አደረገ። የዚህም ሥራ መብት በጥር 28 ቀን 1958 ዓመት በኮፐንሃገን ተመዘገበ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተሠራች ጡብ ሁሉ ዛሬ ከምትሠራው ጋራ ትገጥማለች፤ አያት የተጫወተበትን የልጅ ልጅ ሊጨምርበት ይችላል ማለት ነው። አንዲቱ እምቡጥ ከሌላዪቱ እምብርት እስከ እምብርት 8 ሚሊሜትር ትርቃለች፤ የአንዱ ጡብ ቁመትም 9.6 ሚሊሜትር ነው። ባለ 8 እምቡጥ የሆኑና ቀለማቸው አንድ የሆነ 6 ጡቦች ብቻ ቢሰጡን በ915,103,765 ልዩ ልዩ አኳኋን ሊጋጠሙ እንደሚችሉ ሊቃውንት ቈጥረዋል።

በመንደሩ መካከል በ2017 ዓመት የተከፈተ የሌጎ ቤት የሚባል ነጭ ሕንጻ አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ታላላቅ ጡቦች ተደራርበው የተቀመጡ ይመስላል። በውስጡ ቁመቱ 15 ሜትር የሚያህል፥ ከ6 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ጡቦች የተሠራ ዛፍ ቆሟል። ይሁን እንጂ እኛን ከዛፉ ይልቅ ያቈመን በመስታወት ውስጥ የተደረደሩት የትንንሽ ሰዎች ምስሎች ነበሩ። እነዚህ እጅና እግራቸው የሚንቀሳቀስ፥ ቁመታቸው 4 ሳንቲሜትር የሚያህል ሰዎች የወጡት በ1978 ዓመት ነው። በመጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈገግታ ብቻ ነበራቸው። በ1989 ዓመት የባሕር ወንበዴዎች መርከብ በጨርቅ ሸራ በወጣች ጊዜ ግን ጢም ያለው፥ አንድ ዓይኑ የተሸፈነ፥ አንድ እግሩ የእንጨት የሆነ ሰው ታየ። ከዚያ በኋላ ልጆች በመርከቡ ላይ «ሰው» ብቻ ሳይሆን «እገሌ» የሚባል ሰው ማሳፈር ጀመሩ። ይህ ነገር ኋላ በጎተንበርግ ላየነው ሥራ መግቢያ ሆነልን።

ከቢሉንድ ወደ ሰሜን ስንጓዝ በመንገድ ላይ ከባሕር ዳር ከቆመች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ገባን። ከጣራዋ በገመድ የተንጠለጠለች፥ ሦስት ምሰሶ ያላት፥ ሸራዋ የተዘረጋ የእንጨት መርከብ አየን። እንዲህ ያለው ነገር በዴንማርክና በስዊድን ባሕር ዳር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የተለመደ ነው፤ ከማዕበል የዳኑ መርከበኞች፥ ወይም ባሕር ወስዶባቸው የቀሩ ቤተ ሰቦች በስጦታ ያቀርቡታል። ትንሽ መርከብ በእጅ መሥራት በዚያ አገር ከፕላስቲኩ ጡብ በፊት በብዙ መቶ ዓመት የቈየ ልማድ መሆኑን ከዚህ ተረዳን። ባየናት መርከብ ላይ መድፉም፥ መልሕቁም፥ ገመዱም ሳይጓደል ተሠርቷል። ሰው ግን አንድ ስንኳ አልነበረባትም።

ከፍሬድሪክስሃቭን ወደብ ወደ ጎተንበርግ በማሸጋገሪያ መርከብ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የስዊድን ዳርቻ ሲቃረብ ባሕሩ በራሰ በራ ዐለቶች ይሞላል፤ አንዳንዶቹ ከውኃው በላይ ይታያሉ፥ አንዳንዶቹ ከውኃው በታች ተሰውረዋል። መርከቡ ወደ ወንዙ አፍ ሲገባ በትንሽ ደሴት ላይ የቆመ ኤልቭስቦሪ የተባለ የድንጋይ ምሽግ ይታያል። አንድ የአገሩ ሽማግሌ በጣቱ ወደ ውኃው እያመለከተ፥ «ያቺ መርከብ የሰጠመችው እዚህ ነው» አለን። የተናገረውም በከተማዪቱ ስም ጎተንበርግ ትባል ስለ ነበረችው የንግድ መርከብ ነው።

ታሪኳን በአጭር እንናገር። በ1731 ዓመት የስዊድን የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከንጉሡ መብት ተቀብሎ ከቻይና ጋራ መነገድ ጀመረ። መርከቦቹ ከጎተንበርግ ተነሥተው በእስፓንያ ካዲዝ ወደብ ብር ይገዛሉ፤ ቻይናውያን ለሻያቸው ዋጋ ብር ይፈልጉ ነበርና። ከዚያ የአፍሪካን ደቡብ ዙረው፥ በጃዋ አጠገብ አልፈው እስከ ካንቶን ይደርሳሉ። በመልሱ ሻይ፥ ሸክላ፥ ሐርና ቅመም ይጭናሉ። ጎተንበርግ በ1738 ዓመት በስቶክሆልም የተሠራች ሲሆን 30 ያህል መድፍና ወደ 140 የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሯት። በ1743 ዓመት መጋቢት ወር ለሦስተኛ ጊዜ ወጥታ፥ በመስከረም 12 ቀን 1745 ዓመት ከሠላሳ ወር በኋላ ተመለሰች። መንገድ መሪ ተሳፍሮባት፥ ዘመድ ሁሉ በወደቡ እየጠበቃት፥ ወደቡ ሊደርስ 900 ሜትር ያህል ሲቀራት ከውኃ በታች ያለ ዐለት መታትና በዚያው ሰጠመች። ከሰው የሞተ የለም። ከጭነቱ አንድ ሦስተኛ የሚያህለው ወጥቶ ቢሸጥ የጕዞውን ወጪ ሁሉ ሸፍኖ ለባለ ገንዘቦቹ ትርፍ ተረፈ። የምሥራቅ ንግድ በዚያ ዘመን እንዴት ያለ ትርፍ እንደ ነበረው ከዚህ ይታወቃል።

ኩባንያው ያሠራው ታላቅ ቤት እስከ ዛሬ በቦዩ ዳር ቆሞ የከተማው ቤተ መዘክር ሆኗል። በዚያም ከቻይና የመጡትን ሰማያዊና ነጭ ሳሕኖች አየን። ሸክላ ከባድና ርጥበት የማይጎዳው ስለ ሆነ ከመርከቡ ታች ይጫንና መርከቢቱን በማዕበል እንዳትገለበጥ ያጸናታል፤ ሻይ ግን ርጥበት ያበላሸዋልና ከላይ በደረቅ ስፍራ ይቀመጣል። ለዕቃው ሁሉ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲደረግለት፥ ተራው መርከበኛ በመድፎቹ መካከል በተንጠለጠለ የጨርቅ አልጋ ይተኛ ነበር፤ ምግቡም በጨው የደረቀ ሥጋ፥ አተርና ድንጋይ የመሰለ ዳቦ ነበር። አትክልት በማጣት ድዳቸው እየደማ የሚታመሙ፥ በሙቅ አገር ንዳድ ይዟቸው የሚሞቱና በባሕር የሚቀበሩ ብዙ ነበሩ።

በጎተንበርግ ያረፍነው በዚያ አገር ብዙ ዓመት ከተቀመጠ፥ በወደቡ ዕቃ በማውረድ ሥራ ከሚኖር ዘመዳችን ቤት ነው። የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ10 ዓመት ወንድ ልጅ አለው። በደረስንበት ሳምንት ሁለቱ ልጆች በምግብ ጠረጴዛው ላይ ያችን የሰጠመች መርከብ በጡብ ይሠሩ ነበር። ቤተ ሰቡም ጠረጴዛውን ለመርከቢቱ ለቆ እራቱን በወጥ ቤት ይበላ ነበር። ሥራቸው በሱቅ ከነማብራሪያው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አልነበረም፤ ከልዩ ልዩ ሣጥን የተለቀሙ፥ ከጎረቤት የተለወጡ፥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዙ ከሁለት ሺሕ የማያንሱ ጡቦች ነበሩ። ዕቅዱ ከቤተ መዘክር በገዙት ሥዕል ላይ የተመሠረተ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ ለመጀመር በፊት ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ትንሹ ሰው 4 ሳንቲሜትር ቢሆንና እውነተኛው ሰው 1 ሜትር ከ70 ቢሆን፥ መርከቢቱ ከእውነተኛዋ በ42 እጅ ማነስ አለባት። ልጅቱ በወረቀት አስልታ አሳየችን። የመርከቢቱ ገላ 41 ሜትር ያህል ስለ ሆነ በጡብ ወደ 97 ሳንቲሜትር፥ ይህም ሁለት ክንድ ያህል ይሆናል። 47 ሜትር የነበረው ታላቁ ደቀል 1 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ይወጣል፤ 11 ሜትር የነበረው ወርድም 33 እምቡጥ ይሆናል። ጠረጴዛውም ጡባቸውም ይህን ስለማይችል ርዝመቷን አንድ ክንድ ተኩል፥ ሠራተኞቿንም 14 ለማድረግ ተስማሙ።

ሁለተኛው ጭንቅ የገላዋ ቅርጽ ነው። ጡብ ማዕዘናም ነው፤ መርከብ ደግሞ ሆዷ ሰፊ፥ ግንባሯ ሹል፥ ጎኗ የጎበጠ ነው። በሱቅ የሚሸጠው ተዘጋጅቶ የተሠራ የመርከብ ገላ ግንባር፥ መካከልና ኋላ ሆኖ ይመጣል። መካከሉን እየጨመሩ ቢቀጥሉት ይረዝማል እንጂ አይሰፋምና፥ የንግድ መርከብ መሆኗ ቀርቶ የወንዝ ታንኳ ትመስላለች። ስለዚህ ልጆቹ አስቀድመው በመካከል እንደ ሣጥን ያለ ጽኑ አጥንት ሠሩ። በዚያ ላይ በማጠፊያ ጡብ የተያያዙ ጠባብ ጠባብ ግድግዳዎችን እያጋደሙ፥ እያንዳንዱን ከፊተኛው በአንዲት እምቡጥ ወደ ውስጥ እየገፉ ሰኩ። ከቅርብ ሲያዩት ደረጃ ነው፤ ሦስት እርምጃ ርቀው ሲያዩት ግን ጎኗ እንደ እውነተኛ መርከብ ጎብጦ ይታያል። ከውኃ በታች የሚውለውን ክፍል ግን አልሠሩትም፤ መርከቢቱ በጠረጴዛው ላይ በባሕር እንደ ተቀመጠች ሆና ትቆማለችና። ደቀሎቹ እንዳይሰበሩ ሥራቸው ከላይኛው ወለል አልቆመም፤ ሁለቱን ወለሎች ሰንጥቆ እስከ ጭነቱ ጓዳ ታች ወረደ።

ወንድ ልጁ በየጎኗ 8፥ በድምሩ 16 መድፍ አሰለፈ። እኅቱም በጓዳው ታች ክብ ነጫጭ ጡቦችን ለሸክላ፥ ከበላያቸውም ቡናማ ሣጥኖችን ለሻይ ደረደረች። እስከ ሦስተኛው ምሽት የታችኛውን ወለል ዘግተው፥ የላይኛውን ወለል አንጥፈው፥ የኋላውን የአለቃ ቤት በመስኮት አስጊጠው ጨረሱ። ዘመዳችን ከሥራ ገብቶ ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከታትና፥ «እጅግ ደስ ትላለች፤ ሰዎቹስ የት ይተኛሉ?» ሲል ጠየቀ። ልጁ ሰዎቹ ሁሉ ከላይ እንደሚቆሙ ነገረው። አባትየውም፥ «እኔ በወደብ ስውል የማወርደው ዕቃ ሁሉ ቍጥርና ስፍራ አለው፤ ስፍራ የሚያጣ ብዙ ጊዜ ሰው ነው» ብሎ ወደ እራቱ ሄደ። ሌላ አልተናገረም።

በማግስቱ ልጅቱ አንድ ደብተር አውጥታ የሠራተኞች መዝገብ ከፈተች። በሥራ ዘመናችን ብዙ መዝገብ አይተናል፤ እንደዚህ ያለ የተስተካከለ ግን ጥቂት ነው። በአምስት ዐምድ ከፍላ ተራ ቍጥር፥ ስም፥ ሥራ፥ የመኝታ ስፍራና የምግብ ድርሻ ብላ ጻፈች። ከዚያም ሥራውን አሰፈረች፤ የመርከቢቱ አለቃ፥ ምክትሉ፥ ግዢውንና ሽያጩን የሚያዝ የንግድ ሹም፥ ጸሓፊ፥ ሐኪም፥ ቄስ፥ አናጢ፥ ሸራ ሰፊ፥ ወጥ ቤት፥ መድፈኛ፥ መሪ ያዥ፥ ደቀል ላይ የሚወጡ ሁለት መርከበኞች፥ በመጨረሻም የመርከብ ልጅ። ስም የማውጣቱን ሥራ ለወንድሟ ሰጠችው። ልጁ ስሙን ሁሉ በደስታ አወጣ፤ ለመርከብ ልጁም የራሱን ስም ሰጠው። የመኝታው ዐምድ ሲደርስ የአለቃው፥ የምክትሉና የንግድ ሹሙ በኋላው ቤት ተጻፈ፤ የሌሎቹ ስፍራ ግን ባዶ ሆነ። እኅቱ በራሱ ስም አጠገብ ባለው ባዶ ስፍራ ላይ እርሳሱን አቁማ ጠበቀችው።

ልጁም ወደ እኛ ዞሮ፥ «ጋሼ፥ በመካከለኛው ወለል ቢተኙ አይሆንም?» አለን። ለክተን ብናየው የወለሉ ቁመት ሦስት ጡብ ነበር፤ ትንሹ ሰው ደግሞ ባርኔጣውን ቢያወልቅ ስንኳ አራት ጡብ ያህል ይቆማል። የተንጠለጠለ አልጋ በላዩ እንዲኖር አምስት ጡብ ያስፈልጋል። ሁለት ሳንቲሜትር የማይሞላ ከፍታ ለመጨመር የላይኛው ወለል፥ መድፎቹ፥ የአለቃው ቤት፥ የጎኑም ግድግዳ እኩሌታ መፍረስ ነበረበት፤ ይህም የሦስት ምሽት ሥራ ነው። ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኅቱ አላባበለችውም፥ አልገሠጸችውምም፤ መዝገቡን ከፊቱ ትታ ወደ መኝታዋ ሄደች። ሌሊቱ ገና ብርሃን ነበርና ብዙ ሳይቆይ ጡብ ከጡብ ሲላቀቅ የሚሰማው ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ተሰማን። ጧት ስንነሣ መድፎቹ በአንድ ሳሕን፥ መስኮቶቹ በሌላ ሳሕን ተለይተው፥ መርከቢቱ እስከ ጓዳዋ ተገልጣ አገኘናት።

ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ፈጠነ፤ እጃቸው ተምሯልና። መድፎቹ ከ16 ወደ 10 ዝቅ አሉ። በመድፎቹ መካከል ከጨርቅ ቅዳጅ የተቈረጡ አልጋዎች ተሰቀሉ። ለወጥ ቤቱ ምድጃ፥ ለአናጢው መጋዝ፥ ለሐኪሙ ሣጥን ተገኘ። በእውነተኛዎቹ መርከቦች ላይ በጕዞው መጀመሪያ ለሥጋ የሚሆኑ በጎች፥ አሳሞችና ዶሮዎች ይጫኑ ነበርና፥ ከላይኛው ወለል ለዶሮዎች አንድ ጐጆ ተሠራ። ለሻዩ የነበረው ስፍራ በአንድ ረድፍ ቀነሰ። ልጅቱም በመዝገቡ ግርጌ፥ «በሠራተኞች መኝታ ምክንያት የተቀነሰ ጭነት፥ አንድ ረድፍ» ብላ ጽፋ ፈረመች፤ ወንድሟም አጠገቧ ፈረመ።

ሸራውን የሠሩት ከአባታቸው አሮጌ ሸሚዝ ነው። ጨርቁን በሻይ ነክረው የባሕር ነፋስ የመታው አስመሰሉት፤ ጠርዙ እንዳይተረተርም በውኃ የቀጠነ ሙጫ ቀብተው አደረቁት። ገመዱ በሰም የተሸ ጥቁር ክር ነው። ገመድ የሚወጠረው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው እንጂ ከውጭ የጀመሩ እንደ ሆነ እጅ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። አንዱን ከመጠን በላይ ቢስቡት ደቀሉ ወደዚያ ይጋደላል፤ ስለዚህ የግራውንና የቀኙን ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ወጠሩ። በመጨረሻ 14ቱ ሰዎች በመዝገቡ ተራ እየተጠሩ ተሳፈሩ። የመርከብ ልጁ ግን ወደ ላይ አልወጣም፤ ባለቤቱ በአዲሱ አልጋ አስተኛው። ወለሉ ሲገጠም ከውጭ የሚያየው ስለማይኖር፥ ማየት የሚፈልግ ሰው በመድፉ መስኮት አጎንብሶ መመልከት ነበረበት። ዘመዳችንም ከሥራ ሲገባ ከነካፖርቱ ተንበርክኮ ተመለከተና የልጁን ራስ ዳበሰ።

ስለ እውነተኛዪቱ መርከብም አንድ ነገር ጨምረን እንፈጽም። ፍርስራሿ ከ1980 ዎቹ መካከል ጀምሮ በባሕር ጠላቂ ሊቃውንት ከተመረመረ በኋላ፥ የጎተንበርግ ሰዎች አምሳያዋን በእንጨት ለመሥራት ተነሡ። በ1995 ዓመት ጀምረው በ2003 ዓመት ወደ ውኃ አወረዷት። በ2005 ዓመት ጥቅምት ወር ተነሥታ በ2006 ዓመት ካንቶን ደረሰች፥ በ2007 ዓመትም በደኅና ወደ አገሯ ተመለሰች። ያለፈችው መርከብ ወደ 140 ሰው ያሳፈረችበትን ስፍራ ይህችኛዋ ለ80 ሰው አድርጋዋለች። በ2023 ዓመት ሚያዝያ ወር በፈረንሳይ ብሪታኒ ዳርቻ ስትጓዝ፥ መሪዋ የተሰበረ አንዲት ትንሽ ጀልባ የድረሱልን ጥሪ አሰማች። በቅርብ የነበረችው ይህችው የሸራ መርከብ ስለ ነበረች ደርሳላት ጎትታ ወደ ወደቡ አቃረበቻት። በጀልባዋ የነበሩት ሰዎች ከ18ኛው መቶ ዓመት የመጣች የምትመስል መርከብ ሊያድናቸው ስትመጣ ባዩ ጊዜ የተሰማቸውን ማሰብ አያስቸግርም።

እንግዲህ በቤታችሁ ልጆች ያሏችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ የፕላስቲኩ ጡብ ባይገኝም ሸንበቆና ጭቃ፥ የክብሪት ቤትና ቅዳጅ ጨርቅ በሁሉ ቤት አለ። ልጆች መርከብ፥ ቤት ወይም ድልድይ ሲሠሩ ስታዩ፥ አሠራሩን ከእጃቸው ነጥቃችሁ አትሥሩላቸው፤ ዘመዳችን እንዳደረገው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃችሁ ተመለሱ። ቀሪውን ራሳቸው ያገኙታል። ትልቅ ሥራ የተሰጠን እኛም ታላላቆቹ፥ ትምህርት ቤት ወይም ጽሕፈት ቤት ወይም የሠራተኛ መንደር ስናሠራ፥ ግድግዳው ከመቆሙና ጣራው ከመከደኑ በፊት ያችን የ13 ዓመት ልጅ መዝገብ ብናስብ ይጠቅመናል። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ መርከብን ከካንቶን እስከ ጎተንበርግ የሚያደርሳት የብዙ ሰው እጅ ነው፤ ያ እጅ ግን ሲመሽ የሚያርፍበት ስፍራ ይፈልጋል። ወለሉን በሁለት ጡብ ከፍ ማድረግ ገና በዕቅድ ሳለ የአንድ እርሳስ መስመር ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ግን የሦስት ሌሊት ማፍረስ ይሆናል።